የፈዬራ ሁለተኛው ጥሩምባ

የካ ሚካኤል አካባቢ ፈዬራን መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ቶሎ ሰላም አይለውም። መጀመሪያ እጁን ያያል። እጁ ላይ ጥሩምባ ካለ «ማን ነው?» ይላል፤ ከሌለ ትንፋሹን መልሶ «እንደምን አደርክ» ይላል። ፈዬራ ቲማቲም ሊገዛ ወጥቶ እንኳ ባለሱቋ ሚዛኗን ትታ እጁን ታያለች። ምን ይደረግ፣ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነው። በዚህ ዘመን እድሩ ሁሉ ሞትን በስልክ መልእክት መላክ ጀምሯል፤ የነፈዬራ እድር ግን ሽማግሌ ይበዛበታልና አሻፈረኝ ብሏል። ሰው ሲሞት ፈዬራ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባውን ያነሳና ከሠፈሩ ዳር ጀምሮ እየነፋ፣ በየመታጠፊያው እየቆመ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይለፍፋል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። አይንተባተብም፣ አያለቅስም። የሚወደደውም ለዚህ ነው።

ሥራው ደግሞ ሥርዓት አለው። ጥሩምባ ነፊ መርዶ አይነግርም። መርዶ የሚያረዱት ሌሎች ናቸው፤ ሽማግሌዎች ተጠራርተው፣ ዘመድ አስከትለው፣ ገና ሳይነጋ የሟቹን ቤተሰብ በር አንኳኩተው፣ ዙሪያውን ከበው ቀስ ብለው ይናገራሉ። ፈዬራ የሚነፋው ቤተሰቡ ካወቀና ለቅሶው ከተጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ «ሞቶብሃል» ብሎ አያውቅም። እሱ የሚናገረው ለሠፈር ነው፤ ለአጥሩ፣ ለቆርቆሮው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ለተኛው ሁሉ።

ታዲያ ሚስቱ ጂቱ የሞተች ዕለት ጉድ የሆነው በዚሁ ነው። ጂቱ ያረፈችው ሆስፒታል ውስጥ ነበር። አብሯት የነበረው እሱ ብቻ ነው፤ አንድ ልጃቸው ናፍቆት ስንት ሌሊት ወንበር ላይ ስታድር ደክማ ስለነበር «ሂጂ ትንሽ ጋደም በይ» ብሎ ወደ ቤት ልኳታል። ፈዬራ የሚስቱን ዓይን ከድኖ፣ የተባለውን ወረቀት ሁሉ ፈርሞ ሊነጋጋ ሲል ቤቱ ደረሰ። በሩን ቀስ ብሎ ከፈተ። ልጅቱ ከውስጠኛው ክፍል እንደተኛች ያውቃል፤ አልጠፋበትም። ግን እግሩ የለመደውን ሄደ። ከበሩ ጀርባ ጥሩምባውን አነሳ፣ ተመልሶ ወጣ፣ እንደ ሥርዓቱ ከሠፈሩ ዳር ጀመረ። ናፍቆት የእናቷን ሞት የሰማችው አልጋዋ ላይ ሆና ነው፤ ሌላውን ሁሉ ሟች ስትሰማበት ባደገችው በዚያው ድምፅ። «የእድራችን አባል የአቶ ፈዬራ ባለቤት ወይዘሮ ጂቱ አርፈዋል» አለ ድምፁ። የአቶ ፈዬራ፤ የሌላ ሰው ይመስል።

ሠፈሩ ጉድ አለ። የገዛ ሚስቱን ስም ጠርቶ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፣ ይህስ ወንድ ነው፣ ተባለለት። ናፍቆት ምንም አላለችም። ያኔም አላለችም፣ ከዚያ ወዲህ ባለፉት ሁለት ዓመታትም አላለችም። ራት ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ «በሩን ቆልፈኸው ውጣ» ትላለች። ከዚያ ያለፈ ነገር የላቸውም። እሱ ደግሞ ልጅቱ እንዲህ የሆነችው በሐዘን ነው ብሎ ደመደመ። ሌላ ምክንያት ይኖራል ብሎ አላሰበም። የማሰብ ነገር ከተወው ቆይቷል።

እሱ ራሱ እንዴት ነበር ቢባል፣ ምንም አልነበረም። ጥርስ ሲነቀል የሚወጉት መርፌ ድድን እንደሚያደነዝዘው፣ ፈዬራም ከአንገቱ በታች ደንዝዟል። ገላው እንዳለ ያውቃል፤ አይሰማውም። ሌሊት የጣውላ መጋዘን ይጠብቃል፣ ጠዋት መጥቶ ይተኛል፣ ሲነሳ የቀረበለትን ይበላል። ሰው ሲሞት ይነፋል። ለጂቱ አንድ ዘለላ እንባ አላፈሰሰም። መጀመሪያ ሰሞን «ነገ ይመጣል» ብሎ ጠበቀው። ሳይመጣ ሲቀር መጠበቁንም ተወው።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ናፍቆት ከፋሲካ በኋላ ቤት ለቅቃ እንደምትወጣ የነገረችው። መገናኛ አንድ መነፅር ቤት ትሠራለች፤ እዚያው አቅራቢያ ከጓደኛዋ ጋር ክፍል ተከራይታለች። መንገዱ እንደራቃት፣ የታክሲ ሰልፉ እንዳሰለቻት ተናገረች። ከየካ ሚካኤል መገናኛ ስንት አገር አለ መሰላችሁ! ፈዬራም ይህን ያጣዋል ማለት አይደለም። ልጅቱ እንዲህ ሆና ከወጣች ለበዓል እንኳ ዶሮ ይዛ እንደ እንግዳ ካልሆነ በቀር እንደማትመለስ አንድ ቦታ ላይ ገብቶታል። ከእሷ ሌላ ደግሞ በዓለም ላይ የኔ ብሎ የሚጠራው ሰው የለውም። ግን አፉ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር። «እሺ» አላት።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ኢዶሳ የሚባሉ ሰው እድሩ ውስጥ ገቡ። ከአንድ ማርሽ ባንድ በጡረታ የተሰናበቱ፣ አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ ሻርፕ የማያጡ ሽማግሌ ናቸው። ገና በገቡ በሳምንታቸው ፈዬራ ሲነፋ ሰምተው በሩ ድረስ መጡና በኦሮምኛ አዋሩት። ትንፋሹ ጥሩ እንደሆነ፣ ግን ነገር ዓለሙ ጩኸት እንደሆነ ነገሩት። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየማል። ፈዬራ ግን ምኑ ይቀየማል፤ ይልቅ ለማንም አውርቶት የማያውቀውን ነገር አወራቸው።

ነገሩ የድሮ ነው። በወጣትነቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሥልጠና ጣቢያ ሳለ፣ ከአጥሩ ወዲያ ማርሽ ባንድ ይለማመድ ነበር። ፈዬራ እህል ውሃውን ትቶ ሽቦው ላይ ተደግፎ ያዳምጣል። አንድ ቀን ደፍሮ «እኔም ልግባ» ብሎ ጠየቀ። የባንዱ ኃላፊ አፉን አስከፍቶ የፊት ጥርሱን መጉደል አየና፣ በዚህ አፍ ሾርባ እንጂ ትራምፔት አይነፋም ብሎ ሰው ፊት አሳቀበት። ፈዬራ ጆንያ ጫኝ ሆኖ ውትድርናውን ጨረሰ። ከስንት ዓመት በኋላ እጁ ላይ ጥሩምባ የገባለት የቀድሞው የእድር ነፊ ሲያረጅ ነው። ያውም አንድ ድምፅ ብቻ ያለው። ሕልሙ ትልቅ አልነበረም፦ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መንፋት፣ የሚሰማውም ሰው እንዳያለቅስ።

ጋሽ ኢዶሳ አልሳቁም። ጥርሱን አዩና ከንፈር እንጂ ጥርስ አይነፋም አሉ። ከኪሳቸውም ትራምፔት ጫፍ ላይ የሚሰካውን፣ ከንፈር የሚያርፍበትን ትንሽ ብረት አውጥተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

«ቃል አትግባ» አሉት። «በኛ ዕድሜ ቃል የገባ ሰው ወይ ያፍራል ወይ ይታመማል። እስከ እሑድ ብቻ ያዘው። ከሰለቸህ መልስልኝ፤ ለምን ብዬም አልጠይቅህም።»

ፈዬራ «እሺ» አለ። ጓጉቶ አይደለም። እምቢ ለማለትም አቅም ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ አልነበረውም።

ሳምንቱን ሙሉ መጋዘኑ በር ላይ ቁጭ ብሎ ያንን ብረት ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝንብ እየመሰለ ሲያጉረመርም ከረመ። ውሾቹ አንገታቸውን ዘንበል እያደረጉ አዩት። እሑድ ሲሆን ሊመልስ ሄደ፤ ጋሽ ኢዶሳ ደግሞ ትራምፔቱን እስከሚቀጥለው እሑድ ብቻ ይዞ እንዲሄድ፣ ቁልፎቹን ሳይነካ እንዲነፋው ነገሩት። እሺ አለ። በሚቀጥለው እሑድ አንድ ቁልፍ፣ ከዚያ ሁለት። ሽማግሌው ብልጥ ናቸው፤ ሰውየውን ከአንድ ነገር በላይ አያሸክሙትም። ትራምፔቱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦው ጫካ ይወጣል። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ከሩቅ ሲያዩት መንገድ ይለቃሉ። ባሕር ዛፉ መሀል ይቆምና ይነፋል። አንዳንዴ የድመት ጩኸት ይወጣዋል፣ አንዳንዴ የተዘጋ ቧንቧ ድምፅ። አንድ እሑድ ግን ሦስት ድምፆች ተከታትለው እንደ ዜማ ወጡለት። ደስ አለው ብዬ አልዋሽም። ደስ ሊለው ይገባ እንደነበር አወቀ፤ ለጊዜው ያ ይበቃል።

ጣጣው የመጣው በሦስቱ ድምፆች ነው። የመጋቢት ንፋስ አቅጣጫውን ለውጦ ቁልቁል ወደ ሠፈር ይነፍስ ኖሯል። የፈዬራ ሦስት ድምፆች ተቆራርጠው፣ ዜማቸው ጠፍቶ፣ ጥሩምባነታቸው ብቻ ቀርቶ የካ ሚካኤል ደረሱ። በጠራራ ፀሐይ ጥሩምባ! ሴቶቹ ከየቤታቸው ብቅ አሉ። ስም የሰማ የለም። ሠፈሩ ውስጥ ደግሞ በጠና የታመሙት እትዬ ብርቄ ብቻ ናቸው፤ ከገና ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው። ከፈዬራ ጎን ያለው ቤት ውስጥ የምትኖረው ሒሩት «ወይኔ እትዬ ብርቄ!» አለች፤ አበቃ። ሴቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተከተላት። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ፍሥሐ ድንኳን ተካዮቹን አስጠሩ።

እትዬ ብርቄ በበኩላቸው ዕለቱን ሻል ብሏቸው፣ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አጥሚት ይጠጣሉ። ሒሩት ደረቷን እየደቃች በመታጠፊያው ብቅ ስትል፣ ከኋላዋ ያ ሁሉ ሴት ሲከተል አዩ። ኩባያውን አስቀመጡና እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ። «ማንን ነው? ማን ሞተብን?» ይላሉ እያለቀሱ። ማን ይመልስ! ሒሩት አፏን በእጇ ያዘች። ወንዶቹ የድንኳኑን ቋሚ ተሸክመው ሲገቡ ነው ነገሩ የገባቸው። «እኔን ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። ድንኳኑም ይተከል፣ ፀሐዩ በርትቷል፣ የመጣችሁም ተቀመጡ አሉ። ለለቅሷቸው ሳይመጣ የቀረው ማን እንደሆነ ግን አንድ በአንድ እያዩ ነበር።

ፈዬራ ከጫካው ሲወርድ ድንኳኑን አየ። ይህን ጊዜ ሌላ ሰው ልቡ ስንጥቅ ይላል። እሱ ግን ሒሩት ጋ ሄዶ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቃት። ሒሩት ከረጢቱን አየች፣ ከከረጢቱ የወጣውን የናስ ጫፍ አየች። «አንተ ነህ የገደልካቸው» አለችው።

በማግስቱ የእድሩ ኮሚቴ ጠራው። አቶ ፍሥሐ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ሠፈሩን ያሸበረ ነገር እንዲሁ ሊያልፉት አይችሉም። ስለ ጫካው ጠየቁት፣ ስለ ትራምፔቱ ጠየቁት፣ በዚህ ዕድሜው ምን አጋጥሞት እንደሆነ ጠየቁት። ፈዬራ እየሞከርኩ ነው አለ። ምን ልትሆን ነው የምትሞክረው ሲባልም አላወቀውም።

«ፈዬራ፣ አንተ ስትነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው» አሉት አቶ ፍሥሐ በመጨረሻ። «ሌላ ትርጉም የለውም። ሠፈሩ የሚሰማው ቦታ ሌላ ነገር እንዳትነፋ።»

እሺ አለ። ከዚያ ትራምፔቱን ይዞ ሊመልስ ወደ ጋሽ ኢዶሳ ሄደ። ሙከራ ጥሩነቱ ይህ ነው፤ ትተኸው ትሄዳለህ። ሽማግሌው ታሪኩን ሲሰሙ ሳቁ። ቀጥለውም ከሣጥናቸው አንድ አሮጌ የሱፍ ካልሲ አወጡና ትራምፔቱ አፍ ውስጥ ጠቀጠቁት። ጮክ ብሎ መንፋት ማንም ያውቃል፣ አንተ ደግሞ ከሁሉም ትበልጣለህ፣ አሉት። ባንድ ውስጥ ሰው የሚፈተነው በቀስታው ነው። ትንፋሽህን ይዘህ፣ ሳታፈነዳው፣ ክፍሉ ውስጥ ላለ አንድ ሰው ብቻ እንዲደርስ አድርገህ ነው የምትነፋው። ይህን ሳምንት ይህን ሞክር፤ ካልሆነ ቅዳሜ መልሰው።

ስለዚህ ፈዬራ ቤቱ ውስጥ መንፋት ጀመረ። ናፍቆት ሥራ ስትውል፣ በሩን ዘግቶ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ። ወይ ፈተና! ለሠፈር ሙሉ ነፍቶ የማይደክመው ሰው ለአንድ ሰው ሲነፋ ላብ በላብ ሆነ። ትንፋሹን ሲቀንሰው ድምፁ ይሞታል፣ ሲለቀው ይጮሃል። በመሀል ያለችውን ቀጭን ቦታ ሲያገኛት ደግሞ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይነዝረዋል። አይወደውም። መርፌው ሲለቅ ድድ መጀመሪያ የሚሰማው ሕመም ነውና። ቢሆንም በማግስቱም ያነሳዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ናፍቆት ከሥራ ቀደም ብላ መጣች። ፈዬራ በሩ ሲከፈት አልሰማም። አንድ የሠርግ ዜማ ግማሽ ድረስ ደርሶለት ነበር። ቀና ሲል ልጁ ደፉ ላይ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ቦርሳዋ ወለሉ ላይ ወድቋል።

«ማን ነው?» አለች።

ማንም እንዳልሆነ ነገራት። ካልሲውን አውጥቶ አሳያት፣ ትራምፔቱን አሳያት፣ ጋሽ ኢዶሳ እንዳዋሱት፣ መለማመጃ እንደሆነ ነገራት።  እሷ ግን ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«እማዬን እንደዚህ ነው የሰማኋት» አለች። «ተኝቼ። አንተ ነህ ስትነፋ የነበረው። መጀመሪያ ማን ይሆን አልኩ። ከዚያ ስሟን ጠራህ።»

«ሥራዬ ነበር» አለ ፈዬራ።

«እኔ አጠገብህ ነበርኩ፣ አባዬ። በሩን ከፍተህ ገብተህ ነበር፤ ጥሩምባውን ስታነሳ ሰምቼሃለሁ። ለሠፈሩ ነገርክ። እኔ ከባለሱቋ እኩል ሰማሁ።» ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች። «ለኔ እኮ እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም» አለችና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ፈዬራ ትራምፔቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። የክፍላቸው መለያ ስስ ጣውላ ነው፤ ልጁ ልብሷን ከቁም ሣጥን እያወጣች ሻንጣ ውስጥ ስትከት ይሰማዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ጠዋት መለስ ብሎ አየው። እውነቷን ነው። መርዶ አርጂዎች የሌሉበት ቤት እሱ የሚያውቀው ቤት አልነበረም። ሁልጊዜ ሌሎች ቀድመውት ገብተው፣ ከባዱን ነገር ተናግረው፣ ጩኸቱን አስጀምረው ነው እሱ ሥራውን የሚጀምረው። ያን ቀን ከባዱን ነገር የሚናገርለት ሰው አልነበረምና ዘልሎት የራሱን ክፍል ሠራ። ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ ብሎ ይሆን? ሽማግሌዎቹም ከእሱ ጥሩምባ ነው የሰሙት። ይኸው እስከ ዛሬ ያልተነገረ መርዶ በቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ለልጁም አልተነገራትም፣ ለእሱም አልተነገረውም።

ፈራ። ሲፈራ ደግሞ መፍራቱን አወቀ። ሰው ከፈራ ገና አልሞተም መሰለኝ።

ወጥቶ ወደ እንጦጦ አቀና፤ ባዶ እጁን። ማርያም አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ወጣ፣ ከዚያ ከመንገዱ ዘወር ብሎ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። እንዴት እንደሚባል ሊሞክረው ነው። ማንም አይሰማም፣ ካልሆነም ተነስቶ ይሄዳል። «ወይዘሮ ጂቱ አርፈዋል» አለ። ድምፁ ጥርት ብሎ፣ ኮረብታውን አልፎ ሄደ። ይህ አይደለም። ወይዘሮውን ተወውና እንደገና ሞከረ። አሁንም ለሠፈር ነው። በኦሮምኛ ሞከረው፤ ቤታቸው ውስጥ ከጂቱ ጋር የሚያወሩት በእሱ ነበርና እሱስ ጭራሽ ከጉሮሮው አልወጣም። ትንፋሹን ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ሹክሹክታ አደረሰው። «ጂቱ ሞተች» አለ። ደረቱ ነዘረው። ቶሎ ተነሳና ቁልቁል ወረደ።

በማግስቱ እሑድ ነው። ናፍቆት ከቤተክርስቲያን ተመልሳ ሻንጣዋን ልትዘጋ ጉልበቷን ሽፋኑ ላይ ጭናለች። ፋሲካን እንኳ እንደማትጠብቅ ገብቶታል። ፈዬራ የክፍሏን በር አንኳኳ። በዚያ ቤት ውስጥ በር ተንኳኩቶ አያውቅም፤ እንደ ጎረቤት «ማን ነው?» አለች። ገባ። የት እንደሚቀመጥ ጠፋበት። በመጨረሻ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና አጠገቡ እንድትቀመጥ በእጁ አሳያት። እምቢ ልትለው አሰበች፣ ፊቱን አየችና ተቀመጠች።

መርዶ የሚያረዱ ሰዎች እንደሚያደርጉት እጇን ያዘ።   ሲናገር ድምፁ ከአልጋው አላለፈም።

«ናፍቆት፣ ልጄ። እናትሽ ሞተች።»

ናፍቆት አየችው። እየቀለደ እንዳልሆነ አየች። ብዙ ነገር ልትለው ትችል ነበር፤ አውቃለሁ ልትለው ትችል ነበር። 

«መቼ?» አለችው።

«ዛሬ ሌሊት። ከሆስፒታል መምጣቴ ነው።»

ከዚያ ነገራት። ስለ ሞት ሲለፈፍ የማይነገረውን ሁሉ። እግሯ ቀዝቅዟት እንደነበር፣ ካልሲ አምጣልኝ ብላው ከየት እንደሚያመጣ ግራ ገብቶት የራሱን አውልቆ እንዳጠለቀላት። ትልቅ ሆኖባት እንደሳቀች። ልጅቱ በልታለች ወይ ብላ እንደጠየቀችው፣ በልታለች ብሎ እንደዋሻት። ነርሷን ሊጠራ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ሲመለስ ዓይኗ በሩ ላይ እንደነበር፤ ግን እንደማታየው። ካልሲውን እግሯ ላይ እንዳለ ትቶ፣ ባዶ እግሩን በጫማ ብቻ ወደ ቤት እንደመጣ። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ለራሱም ነግሮት አያውቅም። ካልሲው ጋ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ፤ ኮሪደሩ ጋ ሲደርስ ጭራሽ ጠፋ። ናፍቆት «እማዬ!» ብላ ጮኸች። አሁን እንደሰማች ነው የጮኸችው፤ አሁን ነውና የሰማችው። ፈዬራ ልጁ ትከሻ ላይ ተደፋ። ከጉሮሮው የወጣው ድምፅ ጥርት ያለ አልነበረም። የታነቀ፣ የሻከረ፣ ሰው ፊት የማይወጣ ዓይነት ነው። ሊያቆመው ሞከረ፣ አልቻለም። ሁለት ዓመት የት ከርሞ ነው ያ ሁሉ እንባ!

ሒሩት ከጎን ቤት ጩኸቱን ሰምታ፣ ሊጥ በእጇ እንዳለ፣ በባዶ እግሯ ሮጣ ገባች። አባትና ልጅ ተቃቅፈው አየች። እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

ፈዬራ ቀና አለ። ፊቱ ሁሉ እንባ ነው። «ሚስቴ» አላት። «ሚስቴ ሞታብኝ ነው።»

ሒሩት አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጅቱን አየች። የጂቱን ቀብር ሄዳለች፤ ድንኳኑ ውስጥ ሦስቱን ቀን ሙሉ ወጥ ስትሠራ የዋለችው እሷ ናት። ቢሆንም እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አብራቸው ማልቀስ ጀመረች።